አፉ ወደ በር

ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው ስለ ደሴቶቹና ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ደንገሉና ስለ ታንኳው፣ አለዚያም ጀምበር ስትጠልቅ ውኃው ስለሚለብሰው ቀለም ይጽፋል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ርዝመቱ አንድ ሜትር ስለማይሞላ የጎማ ቱቦ ነው። ውድ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ቱቦው የሚያልፈው በአባቴ በኩል ነውና።

አባዬ በባሕር ዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነበር። በዕድሜው ሙሉ አንድ መኪና ብቻ ገዛ፤ እርሷም ነጭ ቶዮታ ኮሮላ፣ የአገራችን ሰው «ዲኤክስ» የሚላት ናት። በየቅዳሜው ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን ይለካል፤ የራዲያተሯን ውኃ ያያል፤ ካንዴላዎቿን በየተራ እየነቀለ በጨርቅ ይጠርጋል። የለካውንም ያየውንም በሰማያዊ የተማሪ ደብተር ላይ ቀኑን ጠቅሶ ይመዘግባል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ከአንድ መስመር አያልፍም። «ዘይት ደኅና።» «የግራ የፊት ጎማ ተነፋ፤ 5 ብር።» እናቴ በዚያ ደብተር ትቀልድ ነበር። «የኔን ልደት እንኳ እንዲህ አይመዘግብልኝም» ትለን ነበር።

መኪናዋ በሐይቁ ዳር በዘንባባዎቹ ሥር ስትሄድ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ድምፅ ፈለግሁ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

በ1999 ዓ.ም. ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ሶማሌ ተራ ገብቼ አንድ ሾጣጣ የአየር ማጣሪያ ገዛሁ። ቀይ ነው፤ አንገቱ በሚያብረቀርቅ ብረት ታስሯል። ሻጩ «ሞተሩ በነፃነት ይተነፍሳል፤ ጉልበት ይጨምራል» አለኝ። የእኛ ዲኤክስ የራሷ ዲፕራተር ከካርቡራተሩ ላይ እንደ ድስት የተደፋ ጥቁር የብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠ የወረቀት ማጣሪያ ነበር፤ ከጎኑ ወደ ፊት የወጣ ረጅም አፍንጫ አለው። አፍንጫው ለምን እንደ ረዘመ ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ የማያምር የቆርቆሮ ዕቃ ነበር።

ማጣሪያውን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት አባዬ ሁልጊዜ መኪናዋን ወደሚያሠራበት በሽምብጥ በኩል ወዳለው ትንሽ ጋራዥ ነው። መካኒኩን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። የአባዬ የቀድሞ ተማሪ ናቸው፤ ኋላም በፖሊ ቴክኒክ ሠልጥነዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው ማለቴ ነው። ማጣሪያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መልሰው በእጄ አኖሩት።

«ይኼ ይጮኻል እንጂ አይተነፍስም» አሉኝ። «የመምህሩን መኪና በዚህ አላበላሽም።»

ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ካልተናገርኩ ጽሑፉ ዋጋ የለውም። ምክራቸውን እንደ ቀልድ ያለፍኩት ወጣት በመሆኔ ብቻ አልነበረም። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ከጋራዡ እንደ ወጣን «ተወው፣ የቀጥቃጭ ልጅ ስለ ዘመናዊ ዕቃ ምን ያውቃል» አለ፤ እኔም ሳቅሁ። በአገራችን ማረሻውን የሚሠራልንን ሰው እየናቅን በማረሻው ስናርስ ኖረናል። ያንን ንቀት ከማንም ተምሬው አላውቅም ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ሳልማረው አውቀው ኖሯል።

ሌላኛው ጋራዥ ውስጥ ያሉት ልጆች በግማሽ ሰዓት ገጠሙልኝ። ሞተሩ ሲነሣ ደስ የሚል ጉርምርምታ አወጣ፤ ነዳጅ ሲረገጥማ እንደ ትልቅ አውሬ ይስባል። ቤት ስደርስ አባዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምን ሆነች?» አለኝ።

«ዲፕራተሯን ቀይሬላት ነው።»

«የቀድሞው የት አለ?»

«ጋራዥ ትቼዋለሁ።»

ሌላ አልተናገረም። ቅዳሜ ደብተሩን ሰርቄ አየሁት። ከቀኑ ፊት ለፊት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ድምፅ።»

በዓመቱ የአባዬ ትንፋሽ ያጥር ጀመር። ሁለት ደረጃ ወጥቶ ይቆማል፤ ሌሊት ትራስ ደርቦ ተቀምጦ ያድራል። ለአዲስ አበባ ሐኪም ቀጠሮ ተያዘለትና በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ እኔ መሪ ላይ፣ እሱ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ ሆነን ተነሣን። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን በቀትር ደጀን ደረስን። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ አላሳፈረችኝም፤ ደጋው ብርድ ነው፣ መንገዱም ለሞተር አይከብድም።

የዓባይን በረሃ ያላየ አንባቢ ካለ እንዲህ ያስበው። ከደጀን ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገርና የወረደውን ሁሉ ወደ ጎሐ ጽዮን መልሶ ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ከታች፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ወላፈን ይገባል። አሮጌውን ድልድይ በዝግታ ተሻግረን ዳገቱን ጀመርን።

እኩሌታው ላይ መኪናዋ ደከመች። ነዳጅ ብረግጥ ድምፁ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን የለም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ከዚያ አንደኛ። ያ ስወደው የነበረ ጉርምርምታ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰች፤ ቆመች። ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረግሁ። አባዬን ደግፈን ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥነው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ታራግብለታለች። ከደረቱ የሚወጣው ድምፅ ከመኪናዋ ድምፅ ጋር ተመሳሰለብኝ፤ ያንን ቀን ሳስብ ዛሬም ቀድሞ የሚሰማኝ እሱ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልን። ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን ወደ ማጣሪያው ሲያስጠጋ ብረቱ ነክቶት እጁን መለሰ።

«ምድጃ ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?» አለ።

ጨርቅ በውኃ ነክሮ በካርቡራተሩና በነዳጅ ፓምፑ ላይ ጠቀለለ፤ አንድ ሃይላንድ ውኃ ለአባዬ ሰጠው፤ ፀሐይ እስክትበርድ እንዳንነሣ መክሮን ሄደ። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እዚያች ግራር ሥር ተቀመጥን። ዝንጀሮዎች መጥተው አይተውን ሄዱ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሞተሩ ተነሣ፤ በአንደኛ ማርሽ እየዳኸን ጎሐ ጽዮን ስንገባ ጨልሞ ነበር። እዚያው አደርን፤ የጠዋቱም ቀጠሮ አመለጠን፤ ሌላ የተሰጠን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ መንገድ ሁሉ አባዬ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሞተሩን አታስጨንቀው።»

ያንን ሦስት ሳምንት ከዘመድ ቤት ተቀምጠን አሳለፍነው። ሐኪሙ ኋላ መድኃኒቱን ሲያዝለት መዘግየቱ ጉዳት አደረሰበት ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በግንቦት ማብቂያ ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። በማግስቱ መኪናዋን ወደ ሽምብጥ ነዳኋት፤ አባዬም «እኔም እመጣለሁ» ብሎ ደብተሩን ይዞ ገባ። ጋሼ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉት፤ ጎንበስ ብለው እጁን ያዙ፤ «እንዴት ሰነበቱ መምህር፣ ደረትዎ እንዴት ነው?» አሉት። እኔን በዓይናቸው ብቻ ሰላም አሉኝ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ውስጥ ገቡና ከመደርደሪያው ላይ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ጥቁሩ የዲፕራተር ቤት ነበር። አባዬ በነጋታው ሄዶ ከዚያኛው ጋራዥ አስለቅቆ እሳቸው ዘንድ አስቀምጦት ኖሯል፤ ዓመት ሙሉ ነገሩን አልነገረኝም። ግን ልጆቹ ሲነቅሉት አፍንጫውን ሰብረውታል፤ መቀመጫውም ጠሟል።

«ይኼ አይመለስም» አሉ ጋሼ። «ያንተን ቀይ ነገር ሰው እናደርገዋለን።»

ከዚያ በፊት ግን ማሳየት የፈለጉት ነገር ነበረ። የብርጭቆ ቴርሞሜትር አምጥተው በቀጭን ሽቦ ከማጣሪያው ጎን አሰሩ፤ ሦስታችን ሆነን በገበያው በኩል፣ በጋሪውና በባጃጁ መካከል እየቆምን እየተነሣን ወደ ሐይቁ ነዳን። ዳሩ ላይ ቆመን ኮፈኑን እንደ ከፈትን 61 ዲግሪ ይላል። ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ትንሽ ቆይቶ 28 ሆነ። አባዬ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፈ። ከዚያ በሁለቱም ላይ 273 ደመረ፤ አየር ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሳሳ የሚታወቀው ሙቀቱ ከፍጹሙ ዜሮ ተነሥቶ ሲቆጠር ነውና። 301 ለ334። እርሳሱን አንሥቶ አየኝ።

«ከአሥር አንዱን እጅ ጥለሃል» አለኝ። «ያውም ጣና ዳር። እዚህ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ገና ከመነሻው ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የቀማኸው ከድሃ ነው።»

ከዚያ ዓመት ሁሉ ከአባዬ አፍ የሰማሁት ወቀሳ ይኸው ነው፤ እሱንም እየሣቀ ነው የተናገረው። ሣቁ ሳል አመጣበትና ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አደረጉለት።

በእርግጥ በረሃው ላይ የደረሰብን ሁሉ የማጣሪያው ጥፋት አልነበረም። ጋሼ ይህን በሚዛን ነበር የተናገሩት። በእኛ ዲኤክስ ሞተር ካርቡራተሩም የጭስ ማውጫውም በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ነው የሚቀመጡት፤ ቤንዚን ሲግል ወደ ተን ይለወጥና ፓምፑ ውኃ ያጣ ጉሮሮ ይሆናል። ሞቃት አየር ሳስቶ ሲገባ ደግሞ ቤንዚኑ በልኩ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍርና ሞተሩ ይታፈናል። የቀድሞው ቤት ግን ረጅም አፍንጫውን ከዚህ ሁሉ ሙቀት አርቆ ወደ ፊት ሰድዶ ነበር። መሐንዲሶቹ እንደ ዋዛ አልሠሩትም። እኔ የቆረጥኩት አፍንጫ ነው።

«ወናፍ አይተሃል?» አሉኝ ጋሼ፣ ላሜራውን እየለኩ።

አይቻለሁ አልኩ፤ ግን በደንብ አላየሁም ነበር።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አሉ። አባዬ ባለበት፣ እኔን ሳያዩ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። «እኔ በሰባት ዓመቴ ወናፍ ነፊ ነበርኩ። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱን ስታነሣ አንዱን ትጫናለህ። ሰነፍ ልጅ እሳቱን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ብርድ ነዋ። አባቴ በጉጠቱ ጫፍ ጀርባዬን ነካ አድርጎ ‹አፉን ወደ በር› ይለኝ ነበር። ወናፉ ከውጭ ካልሳበ እሳቱ የራሱን ጭስ መልሶ ይበላል፤ ብረቱም አይቀላም። ፖሊ ገብቼ መምህሩ ይህንኑ ነገር በሰሌዳ ላይ በቀመር ሲጽፉት ሣቅሁ። ለምን ትሥቃለህ ቢሉኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ለእኔ ነግረኸኝ ነበር» አለ አባዬ።

«ለእርስዎ ነግሬዎት ነበር።»

ስለዚያ ሁለቱ ሌላ አልተነጋገሩም። ከእናቴ ነው ኋላ የሰማሁት። ጋሼ ልጅ ሳሉ የክፍሉ ልጆች አጠገባቸው አንቀመጥም ብለው ከኋላ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር፤ አባዬ ገና አዲስ መምህር ሆኖ በገባበት ዓመት ከፊት አመጣቸውና የራሱን ወንበር ሰጣቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ አስተማረ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር የሣቅሁት በእኚህ ሰው ላይ ነው። ይህን ለጋሼ አልተናዘዝኩም። ይቅርታ ብጠይቃቸው ያልሰሙትን ስድብ ማሰማት ይሆንብኝ ነበር፤ ምናልባት ግን ይህም ሰበብ ነው።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። እጃቸው ሲሠራ ማየት ብቻውን ትምህርት ነበር። መጀመሪያ ማጣሪያውን በክርን ቧንቧ ከሞተሩ አናት አንሥተው ከባትሪው ፊት ወዳለው ጥግ አወረዱት። ከዚያ በላሜራ ሦስት ግድግዳ ሠሩለት፤ የግድግዳውን ጠርዝ በጎማ ለበጡትና ኮፈኑ ሲዘጋ ገጥሞ ሙቀቱን ከማጣሪያው እንዲለይ አደረጉ። በመጨረሻ ቱቦው መጣ፤ ሽብሽብ ያለ ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ ወርዱ አንድ ሰው በሁለት እጁ ጣቶች የሚከበው ያህል። አንዱን አፍ ከላሜራው ቤት አገናኙት፤ ሌላውን ከማስኬሪናው ኋላ፣ ከራዲያተሩ ጎን።

«ከኋላው ለምን አይሆንም? ቦታው ይሰፋል» አልኩ።

«በራዲያተር ያለፈ አየር የሞቀ አየር ነው። የሰው ትንፋሽ ልታስተነፍሳት ነው?»

ዝቅ ብሎ ከባምፐሩ ሥር ቢሆን ነፋሱ ይበዛል ብዬም ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ክረምት ሲገባ የባሕር ዳር ጎዳና ሐይቅ ይሆናል፤ ዝቅ ያለ አፍ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ፒስተኑ ውኃውን ሲገፋ ቢየላው ይታጠፋል። ስለዚህ አፉን ከፍ አድርገው አሰሩት፤ ቱቦው ዝቅ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ላይም በምስማር አንዲት ቀዳዳ በሱ፤ ያመለጠ ጠብታ ቢኖር በእርሷ እንዲወጣ። ነፋሱ እየተገፋ ይገባል የሚለውንም ተስፋዬን አባዬ በደብተሩ ጥግ አስልቶ ገደለው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብንነዳ እንኳ ነፋሱ የሚጨምረው ግፊት ከመቶ ግማሽ አይሞላም። የሚጠቅመው የነፋሱ ፍጥነት ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው።

አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ አፉ ወደ ውጭ የሆነ ነገር አቧራም ይበላል። በየወሩ ማጣሪያውን እንዳጥብ፣ ደርቆ ሳያልቅ መልሼ እንዳልገጥም፣ ዘይቱን እንዳላበዛ። እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ያንኑ መንገድ በገበያው በኩል ደገምነው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ቴርሞሜትሩ 33 ይላል፤ የውጭው ሙቀት እንደ ፊተኛው ቀን 28 ነበር። አባዬ አሰላ፤ የምንጥለው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። መኪናዋም ዝም ብላለች። ጉርምርምታው ቱቦው ውስጥ ቀርቷል።

ዛሬ ይህን የመሰለ ዕውቀት ለማን ይጠቅማል? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በባሕር ዳር ጎዳናም ያለ ድምፅ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ መኪኖችን እያየን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ አፍንጫም አያስፈልገው። ደግ ነው። እኔ ግን የሚተነፍስ ብረት ባየሁ ቁጥር ከየት እንደሚስብ ሳላይ ማለፍ አልችልም፤ የጄኔሬተር ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የእናቴም ማድ ቤት ሳይቀር። መስኮቱን ከጭሱ ተቃራኒ በኩል አስከፈትኩላት፤ «መካኒክ ሆነህ ቀረህ» አለችኝ።

አባዬ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረ። መድኃኒቱ ረድቶታል፤ ደረጃውን ግን እንደ ቀድሞው አልወጣውም። በዓባይ በረሃ ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ለክትትል አብረን አልፈናል፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እንወጣዋለን። ግራሯ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ወደ ሌላ አቅጣጫ እናያለን። በ2005 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ደብተሮቹን አንድ ቀን ተቀምጬ አነበብኳቸው። የሚያዝያ 2000ን ገጽ ለማየት እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። እንዲህ ይላል፤ «ዓባይ በረሃ። ከ7 እስከ 11 ሰዓት ቆምን። ሙቀት።» ስለ እኔ የተጻፈ ነገር የለም።

ከሁለት ገጽ በኋላ 61፣ 28፣ 33 የሚሉት ቁጥሮች አሉ፤ ከሥራቸውም በዚያው ጥንቁቅ የመምህር እጅ ጽሑፍ፤ «ቱቦ ተገጠመ። ዋጋ አልቀበልም አለ። በሐይቁ ዳር ተመለስን፤ መስኮት ከፍተን።»